አውሮፕላን ብቻ አትቁጠሩ፦ የኢትዮጵያና የሶማሊያ አየር ኃይሎች ታሪክ ለእኛ የሚነግረን

ቲክቶክ ስትከፍቱ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። በአንድ በኩል የኢትዮጵያ ባንዲራ፣ በሌላ በኩል የሶማሊያ፣ የግብፅ ወይም የኤርትራ። ከሥር ቁጥር ይደረደራል፦ ተዋጊ ጀት ይህን ያህል፣ ሄሊኮፕተር ይህን ያህል፣ ድሮን ይህን ያህል። ከጀርባው ሽለላ አለ። መጨረሻ ላይ "ማን ያሸንፋል? ኮሜንት ላይ ጻፉ" ይላል። ኮሜንቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ፉከራ፣ ግማሹ ስድብ።

ባለፈው እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ሻይ ቤት ሁለት ልጆች በዚሁ ቪዲዮ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ "ሱኮይ 30 ገብቶልናል፣ በቃ አለቀ!" ይላል። ሌላው "ግብፅ እኮ ራፋል አላት" ይላል። አጠገባቸው ሻይ የያዙ አንድ አባት ነበሩ፤ በ1969 በሚሊሻነት ተመልምለው ኦጋዴን የዘመቱ ናቸው። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና "ልጆቼ፣ አውሮፕላኑን ቆጠራችሁ። የሚያበረውንስ ማን ይቁጠርላችሁ?" አሉ። ልጆቹ ሳቅ ብለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ጥያቄያቸው አብሮኝ ቤት ገባ። እውነት ነው፤ የኢትዮጵያና የሶማሊያ አየር ኃይሎች ከአርባ ዓመታት በላይ በፊት ሰማይ ላይ ተገናኝተው ነበር። ያን ጊዜ ቲክቶክ ቢኖር ኖሮ ቪዲዮው "ሶማሊያ ታሸንፋለች" ይል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከማሸነፍና ከመሸነፍ በላይ የሚያሳስብ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት አየር ኃይሎች፣ ሁለት አስተማሪዎች

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ያገኘችው በነሐሴ 1921 ነው። ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ ነበረች፤ ከጅቡቲ በርራ አዲስ አበባ አረፈች። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍ እና አስፋው አሊ በረሩ። ጣሊያን በ1928 ሲወርረን ግን የነበሩን አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም ለውጊያ የማይሆኑ ነበሩ። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የጣሊያን ሆነ። ቦምቡም የመርዝ ጋዙም ከዚያ ወረደ።

ከነፃነት በኋላ አየር ኃይሉን እንደ አዲስ ያቆመው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ ነው። ይህ ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረ ነው። ከ1938 ገደማ ጀምሮ ለአስር ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ላይ ተቀምጦ ልጆች አሠለጠነ። መጀመሪያ ሳፊር በምትባል ትንሽ መለማመጃ አውሮፕላን፣ ቀጥሎ ሳዓብ-17 በሚባል ቦምብ ጣይ። አብራሪ ብቻ አይደለም፤ መካኒክም፣ የሬዲዮ ሰውም፣ የመሣሪያ ባለሙያም አብሮ ሠለጠነ።

ከዚያ አሜሪካ ገባች። በ1952 ገደማ ኤፍ-86 ሴበር ጀቶች መጡ። በ1954 አራቱ ወደ ኮንጎ ተልከው በተባበሩት መንግሥታት ሥር ተሰማሩ። በ1958 ገደማ ኤፍ-5 ቀጠለ። ብዙ አብራሪዎች አሜሪካ ድረስ ሄደው ተማሩ። ልብ በሉ፣ የኦጋዴን ጦርነት ሲጀመር ኢትዮጵያ ጀት ማብረር ከጀመረች 17 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። አስተማሪዎቹ ራሳቸው የአስተማሪ ልጆች ሆነው ነበር ማለት ነው።

ሶማሊያስ? ነፃ የወጣችው በ1952 ነው። ምዕራባውያን የሰጧት የጦር እርዳታ አነሰብኝ ብላ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረች። ሶቪየት ሚግ-17 ሰጠቻት፣ ኢሊዩሺን-28 ቦምብ ጣይ ሰጠቻት፣ በ1966 ገደማ ደግሞ ሚግ-21 ሰጠቻት። አብራሪዎቿ ሶቪየት ሄደው ሠለጠኑ፣ የሶቪየት አማካሪዎችም አገሯ ገብተው ተቀመጡ። በ1969 ሶማሊያ ወደ 50 የሚጠጉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሯት። ኢትዮጵያ ከዚያ ያነሰ ነበራት፤ አዲሱ ኤፍ-5ኢ ደግሞ ከአስር አይበልጥም ነበር። አሜሪካ ከደርግ ጋር ስለተኳረፈች የቀረው አልመጣም።

የትምህርቱ ዓይነትም ይለያያል። በሶቪየት መንገድ አብራሪው በአብዛኛው ምድር ላይ ባለ የራዳር ተቆጣጣሪ እየተመራ ነው የሚጠልፈው፤ "ወደ ግራ፣ ከፍ በል፣ ተኩስ" ይባላል። በአሜሪካ መንገድ ሰማይ ላይ ያለው ሰው ራሱ አይቶ ራሱ እንዲወስን ይለመዳል። ሁለቱም በቦታቸው ይሠራሉ። ግን የመጀመሪያው ጠንካራ ራዳርና ጠንካራ ግንኙነት ይፈልጋል። በኦጋዴን በረሃ ላይ ይህ ነገር ለሶማሊያ ብዙም አልነበረም። ለኢትዮጵያ ግን ካራማርዳ ላይ ራዳር ነበራት።

ሐምሌ 1969

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ኦጋዴንን ወረረ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዱ ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ፎን ሮዘን። ዕድሜው 67 ደርሶ ለረሃብተኛ እርዳታ ሊያደርስ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ሐምሌ 6 ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ተገደለ። የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያቆመው ሰው፣ ያሠለጠነው አየር ኃይል ትልቁን ፈተና በሚጀምርበት ሳምንት ሞተ።

ፈተናው ደግሞ ተጀመረ። ወረቀት ላይ ሚግ-21 ከኤፍ-5ኢ ይፈጥናል፤ ሚጉ የድምፅን ፍጥነት እጥፍ ይጠጋል፣ ኤፍ-5ኢ እዚያ አይደርስም። ነገር ግን የአየር ፍልሚያ የሩጫ ውድድር አይደለም። ተጠምዝዞ የጠላት ጀርባ ላይ መውጣት ነው። በመጠምዘዝ ኤፍ-5ኢ ጎበዝ ነው። እንዲያውም የአሜሪካ አየር ኃይል ልምምድ ላይ ሚግ-21ን ሆኖ የሚጫወት "ጠላት" ሲፈልግ የመረጠው ይህንኑ ኤፍ-5ን ነበር። ሶቪየቶችም በቬትናም የተማረከ ኤፍ-5 ወስደው ከሚግ-21 ጋር ሲያፋልሙት በቅርብ ፍልሚያ ኤፍ-5 በለጠባቸው።

ታዲያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኦጋዴን ሰማይ የኢትዮጵያ ሆነ። ለገሰ ተፈራ የሚባለው አብራሪ የሶማሊያን ሚጎች እየመታ በመጣሉ ስሙ ገነነ። በኋላ ግን አውሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ ወረደና ተማረከ። 11 ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት ቆየ። ሲመለስ የጀግና ሜዳይ ተሸለመ። ይህ ሰው ታሪኩ በፊልም ሊሠራ የሚገባው ነው፤ ግን ስንቶቻችን ስሙን እናውቃለን?

ነሐሴ ላይ ሶማሊያ ድሬዳዋን ለመያዝ መጣች። ድሬዳዋ የአየር ኃይል ምድብ ነበረች። ከዚያ የሚነሱት ጀቶች የሶማሊያን ታንኮችና የስንቅ መኪኖች ገላጣ ሜዳ ላይ አገኟቸው። ከተማዋ ሳትያዝ ቀረች።

ግን ቆይ፣ ፉከራውን አቁሙት

እዚህ ላይ ብዙዎቹ ቪዲዮዎች ያልቃሉ። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ባንዲራው ይውለበለባል። ታሪኩ ግን አላለቀም።

ሰማዩን ይዘን እያለ ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ወደቀች። ምድር ላይ ያለው ጦር ካልቆመ አብራሪ ብቻውን ከተማ አይዝም። ካራማርዳም አብሮ ሄደ። ጦርነቱን የገለበጠው ሶቪየት ጎን መቀየሯ ነው። ሲያድ ባሬ ኅዳር 4 ቀን 1970 የሶቪየትን ውል ቀዶ አማካሪዎቹን አባረረ። በዚያው ሰሞን ሶቪየት በአየር ድልድይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ ማጉረፍ ጀመረች። ከአስር ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች ገቡ፣ የኩባ አብራሪዎችም ሚግ ይዘው በረሩ። ትላልቅ የሶቪየት ሄሊኮፕተሮች ተራራውን አሻግረው ጦርና ተሽከርካሪ ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አወረዱ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። ከአራት ቀን በኋላ ሲያድ ባሬ ጦሩን እንደሚያስወጣ አወጀ።

ሁለት ነገር ከዚህ እንውሰድ። አንደኛ፣ ሥልጠና ቁጥርን ይበልጣል። በጥቂት ጀት የሰማዩን የበላይነት የያዙት ለዓመታት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ አስተማሪህ ሌላ አገር ከሆነ ቁልፉም እዚያው ነው። ሶማሊያ የሶቪየትን ባለሙያዎች ባባረረችበት ቀን የሚጎቿን መለዋወጫና ጠጋኝም አብራ ሸኘች። ኢትዮጵያም አሜሪካ ስትከለክላት ኤፍ-5ን የተካላት ነገር አልነበረም፤ ሞስኮ ድረስ ሄዳ ሌላ ትምህርት መጀመር ነበረባት።

1980፦ ሁለቱም አፈሙዛቸውን ያዞሩበት ዓመት

አሁን የማይወራውን እናውራ።

በመጋቢት 1980 መንግሥቱ ኃይለማርያምና ሲያድ ባሬ ሰላም ተፈራረሙ። ምርኮኛ ተለዋወጡ፣ ለገሰ ተፈራም ከእስር የወጣው በዚሁ ስምምነት ነው። "ጥሩ ዜና" ትላላችሁ። ግን ለምን ታረቁ? ሁለቱም ውስጣቸው እየነደደ ስለነበር ነው። ደርግ አፍአበት ላይ ክፉኛ ተመትቶ ስለነበር የኦጋዴን ጦሩን ወደ ሰሜን ማንሳት ፈለገ። ሲያድ ባሬ ደግሞ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የተቀመጡት የሰሜን ሶማሊያ አማፂያን እንዲነሱለት ፈለገ። አማፂያኑ ከኢትዮጵያ ሲገፉ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐርጌሳ ገቡ።

ከዚያ ምን ሆነ? የሶማሊያ ጀቶች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ተነስተው ሐርጌሳን ደበደቡ። እንደገና አንብቡት። ከራሱ ከከተማው ሜዳ ተነስተው፣ ያንኑ ከተማ ደብድበው፣ ተመልሰው እዚያው ያርፋሉ። ለዚህ ሥራ የውጭ ቅጥረኛ አብራሪዎችም ነበሩ። አንድ የሶማሊያ አብራሪ ግን የገዛ ሕዝቡን አልመታም ብሎ ሚጉን ይዞ ወደ ጅቡቲ በረረና ባሕር ዳር ላይ አሳረፈ። ዛሬ ሐርጌሳ ብትሄዱ መሀል ከተማ ላይ የወደቀ ሚግ ሐውልት ሆኖ ቆሟል።

በዚያው ወቅት፣ ሰኔ 15 ቀን 1980፣ ትግራይ ውስጥ ሐውዜን ላይ የገበያ ቀን ነበር። የደርግ ሚጎችና ሄሊኮፕተሮች ገበያተኛውን ሰዓታት ሙሉ ደበደቡት። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። ለእህልና ለጨው የወጣ ገበሬ፣ ልጅ ያዘለች እናት።

እነዚያው ሁለት አየር ኃይሎች ናቸው። ከአስር ዓመት በፊት ኦጋዴን ላይ እርስ በርስ ሲፋለሙ የነበሩ። አሁን ጠላት አድርገው የያዙት ገበያና ከተማ ነው። ሁለቱም መንግሥታት ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ዓመት ወደቁ፤ ሲያድ ባሬ በጥር 1983፣ ደርግ በግንቦት 1983። የሶማሊያ አየር ኃይል ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ጠፋ። የኢትዮጵያም ተበተነ፤ አንዳንዱ አብራሪ አውሮፕላኑን ይዞ ጅቡቲ ገባ።

ሥልጠና በአንድ ቀን ይባክናል

የኢትዮጵያ አየር ኃይል የተጎዳው በጠላት ጥይት ብቻ አይደለም። በግንቦት 1981 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሞተ። የቀድሞው አዛዥ ጄኔራል ፋንታ በላይም ተይዞ በሕይወት አልወጣም። ከ1983 በኋላ ደግሞ የድሮው አየር ኃይል ሰዎች "የደርግ" ተብለው ተገፉ። አንድ ጥሩ ተዋጊ አብራሪ ለማውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ለማሰናበት ግን አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

ውጤቱ በ1990 ታየ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የተገፉት አብራሪዎች ተፈልገው ተጠሩ። ከእነሱ አንዱ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ነበር። በደርግ ዘመን ኤርትራ ውስጥ ተመትቶ በሻዕቢያ ተማርኮ የተፈታ ሰው ነው። ግንቦት 1990 መጨረሻ ላይ አስመራን ሊመታ ሄዶ ሁለተኛ ጊዜ ተመትቶ ወደቀ፤ ሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። በዚያው ሰሞን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ አይደር ትምህርት ቤትን መቱ፤ ልጆቻቸውን ሊያነሱ የሮጡ ወላጆች ላይ ዳግመኛ ቦምብ ወረደ።

በየካቲት 1991 የኢትዮጵያ ሱኮይ-27ቶች የኤርትራን ሚግ-29ኞች መትተው ጣሉ። ሁለቱም አውሮፕላኖች ሩሲያ ሠራሽ ናቸው። በሁለቱም ወገን ከቀድሞ ሶቪየት አገሮች የመጡ ቅጥር ባለሙያዎች ነበሩ። በቤትህ ያሠለጠንከውን ሰው ስትበትን የሌላውን ሰው በዶላር ትገዛለህ ማለት ይኸው ነው።

እኛ ጎጃም ላይ ሆነን

"ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? ኦጋዴን ሩቅ ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ጎጃም አውሮፕላንን ያወቀው በቪዲዮ አይደለም። አያቶቻችን በእነ በላይ ዘለቀ ጊዜ ከጫካ ወደ ዋሻ ሲሸሹ የነበረው ከጣሊያን አውሮፕላን ነው። ከነፃነት በኋላ ደግሞ በ1960 የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲያምፅ፣ ሞጣና ዳሞት አካባቢ ቦምብ የጣለው የራሳችን አየር ኃይል ነው። ያው ቢሾፍቱ ላይ የሠለጠነው፣ ያው ኮንጎ ሰላም አስከብሮ የመጣው። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ታዲያ ቦምቡ ምን ፈታ? ምንም። ነገሩን የፈታው ቅሬታውን መስማት ነው።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ደግሞ ፍኖተ ሰላም። ከተማው መሀል የአየር ጥቃት ደረሰ። የዜና ወኪሎች የሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን ዘገቡ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሲቪሎች ስለመጎዳታቸው ተአማኒ መረጃ እንደደረሰው አስታወቀ። መንግሥት ሲቪሎችን ዒላማ አላደርግም ይላል። ያን ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ፍኖተ ሰላም ዘመድ ያለው ሁሉ ወሬ የሚሰማው በስልክ ጥሪ ወይም በመንገደኛ አፍ ነበር። ታስታውሱታላችሁ።

ዛሬ የኢትዮጵያ አየር ኃይል እንደገና ተገንብቷል። በጥር 2016 ሱኮይ-30 ይፋ አድርጓል፤ የቱርክ ባይራክታር ድሮንም አለው። ሶማሊያስ? ተዋጊ ጀት የላትም ማለት ይቻላል። ግን እዚያም ሰማይ ላይ ያለው የቱርክ ባይራክታር ነው፤ ቱርክ ከ2010 ጀምሮ ሞቃዲሾ ላይ ትልቅ የጦር ማሠልጠኛ አላት። በባሕር በር ጉዳይ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ሲካረሩ በታኅሣሥ 2017 አንካራ ጠርታ ያስማማቻቸውም ቱርክ ናት። በ1969 ለሁለቱም መሣሪያ የምትሰጠው ሶቪየት ነበረች፤ ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ተቀየረ እንጂ ወንበሩ ያው ነው።

ድሮን ደግሞ አንድ ነገር ቀይሯል። የኦጋዴኑ አብራሪ ከተሳሳተ ራሱ ይሞታል፣ ራሱ ይማረካል፤ ለገሰም በዛብህም የከፈሉት ያንን ነው። የድሮኑ ኦፕሬተር ግን ስክሪን ፊት ተቀምጦ ነው። ቢሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የዛሬ ሥልጠና ከድሮው በላይ ስለ አንድ ነገር መሆን አለበት፦ ስክሪኑ ላይ የምታየው ሰው ማን እንደሆነ ሳታረጋግጥ ቁልፉን አትጫን። በታጠቀ ሰውና ከገበያ በሚመለስ ገበሬ መካከል ያለው ልዩነት ከላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሁለቱም ጋቢ ለብሰዋል፣ ሁለቱም በትር ይዘዋል።

ስለዚህ ማን ያሸንፋል?

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። "የሚያበረውንስ ማን ይቁጠርላችሁ?" ላሉት አባት አሁን መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ይቆጠር። አንደኛ፣ ስንት ዓመት ተማረ። በዚህ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚኮራበት ታሪክ አለው፣ እኛም ልንኮራበት ይገባል። የለገሰ ተፈራን ስም ለልጆቻችን እንንገር። ሁለተኛ፣ ወዴት ነው የሚያነጣጥረው። ሐርጌሳና ሐውዜን የሚነግሩን በሠለጠነ እጅም የገዛ ሕዝብ እንደሚመታ ነው። ያንን ያደረጉት ሁለቱም መንግሥታት በጀት ብዛት አልዳኑም።

ስለዚህ ቀጣዩ የ"ማን ያሸንፋል" ቪዲዮ ሲመጣላችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንዴ አስቡ። ጦርነት ከመጣ ያንን ቪዲዮ የሠራው ሰው አይዘምትም። የሚዘምተው እንደ እነዚያ አባት ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ፣ ከሶማሌ ክልል የተነሳ የገበሬ ልጅ ነው። ከሰማይ የሚወርደው ነገርም ኮሜንት የጻፈውንና ያልጻፈውን አይለይም።

ቤታችሁ ኦጋዴን የዘመተ አባት ወይም አያት ካለ ዛሬ ማታ ጠይቁት፤ "ሰማይ ላይ አውሮፕላን ስትሰሙ መጀመሪያ የምታስቡት ምን ነበር? የእኛ ነው ወይስ የእነሱ?" በሉት። የነገራችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። እኔ አነበዋለሁ።